በአራተኛው ረከዓ

ባለፈው የገበያ ቀን ከታደሰ ጋር ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ታደሰ የሚኖረው ጎባ ነው። ከመዝገብ ቤት ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየሳምንቱ በሚኒባስ እየመጣ ሻይዬን ይጠጣል፣ ፓስቲዬን ይበላል፣ የእኔኑ ታሪክ ለሰው ይተርካል። የስንዴ አጨዳ ያለቀበት ሰሞን ስለሆነ ከሲናና የሚመለሱት ኮምባይነሮች መንገዱን ዘግተውታል። ሥራ የፈቱ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ታደሰ አድማጭ ካገኘ ደግሞ ማን ይችለዋል!

«ይህን ሽማግሌ የምታውቁት ጨርቅ ሲለካ ብቻ ነው» አላቸው። «ይህ እኮ ከተማ ሙሉ ሰው ከውሃ ጥም ያዳነ ተኳሽ ነው!»

እንደ ልማዱ እየሳቀ፣ እያሳቀ ተረከው። ሲጨርስ አንደኛው ሾፌር ወደ እኔ ዞረና «ማሻአላህ! ኦቦ ሱሌይማን፣ ሰውዬው በዚያች ሰዓት እዚያች ቦታ እንደሚቆም ግን እንዴት አወቁ?» አለኝ።

«ገመትኩ» አልኩት።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። ውሸት ነው።

እኔና ታደሰ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ የእነሱና የእኛ ግቢ በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ለብሔራዊ ውትድርና ስንወሰድ ሁለታችንም ሃያ ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴ ሲናና ካለው ማሳችን ላይ ገብሱን ከከርከሮ ስንጠብቅ ተኩስ አስተምሮኝ ስለነበር፣ ማሠልጠኛ እንደገባን መነጽር ያለው ጠመንጃ ሰጡኝ። ታደሰን ደግሞ አቅራቢ መነጽር አሲዘው ከጎኔ አስተኙት። እሱ ያያል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ከዚያም ዙሪያዋን ወደተከበበች የሰሜን ከተማ ላኩን። ስሟ ይቅር።

ከተማዋ ውስጥ ውሃ የቀረው በደረቁ ወንዝ ዳር ካለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ከማዶ፣ በተቃጠለው ባለአንድ ፎቅ የእህል መጋዘን ውስጥ ደግሞ የከበቡን ሰዎች አልሞ ተኳሽ ተቀምጧል። በአንድ ሳምንት ሁለት ወታደርና ጄሪካን ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ጣለ። ሴትየዋን ያነሷት ከጄሪካኗ የፈሰሰው ውሃ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ቀን ማን ደፍሮ ይጠጋታል? መቶ አለቃችን ጠራኝና «ወይ አንተ ትጥለዋለህ፣ ወይ ሁላችንም በጥም እናልቃለን» አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ተፈላለግን። እሱ እንደ እኔ ችኩል አልነበረም። አንድ ጥይት ይተኩስና ቦታ ይለውጣል፣ ጥላውን እንኳ አያሳይም። እናቴ ሰው አግኝታ ጭኮ ልካልኝ ነበር፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነውና ወራት ይቆያል፣ ከኮቾሮ፣ ከዚያ ድንጋይ ብስኩት ጋር ለተፋጠጠ ወታደር ደግሞ ጀነት ነው። ታደሰ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ስላለው አይነካውም፤ በሌላው ቀን ግን አያድርስ ነው። በአራተኛው ቀን ትንሽ ቀና ብሎ ሲዝቅ፣ ጥይቷ ዕቃውን ከእጁ ነጥቃ ሄደች። ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ጭኮ እየጠረገ «ማክሰኞ መሆኑን በምን አወቀ?» አለኝ። ሳቅን። እንግዲህ እሱ በዚያ ሁሉ መከራ ጾሙን አልለቀቀም። እኔ ሶላቴን የተውኩት ገና ማሠልጠኛ ሳለን ነበር።

በስድስተኛው ቀን ታደሰ መነጽሩን አቀበለኝ። ከፎቁ ወለል ጀምሮ ግድግዳው ላይ ቀጭን የውሃ መስመር ወርዷል።

«ሽንቱን ነው» አለ።

«ይሆናል» አልኩት።

አልነበረም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ መስመሩ እንደገና ረጠበ። ውሃ ከደም በከበደበት አገር ሰው ውሃውን መሬት ላይ የሚያፈሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ውዱእ እያደረገ፣ ለሶላት እየታጠበ ነበር። ዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት ሊሰግድ።

ልቤ ደነገጠ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለው። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ደስታ ነው። ሰጋጅ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ወደዚያ ዞሮ ለመቆም የሚያመቸው አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ በዚያ ጥግ ግድግዳ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ አለ። ጣሪያው ፈርሶ ስለነበር በስንጥቁ ብርሃን ይታያል። ሁለት ቀን ጠበቅሁት። ሲቆም ብርሃኑ ይጠፋል፣ ሲጎነበስና ሲደፋ ይመለሳል። ዐስር አራት ረከዓ ነው፤ አራት ጊዜ ቆመው ይቀራሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ይደፋሉ፤ ብርሃኑም አራት ጊዜ ረዘም እያለ ጠፋ። ስንጥቁን አላየውም ይሆናል። ወይም ከወዲህ ማዶ ይህን የሚያውቅ፣ አውቆም የሚያደርገው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

በዘጠነኛው ቀን ጠመንጃዬን ስንጥቁ ላይ አነጣጥሬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ቆመ፤ ለካሁ። ሁለተኛ ቆመ፤ ትንፋሼን አስተካከልኩ። ሦስተኛ ሲቆም እጄ እንቢ አለኝ። ይጨርስና ልተኩስ አልኩ። ግን ሶላት የሚያልቀው ተቀምጦ ነው፤ ከተቀመጠ አይታየኝም። አራተኛ ሲቆም ተኮስኩ። ብርሃኑ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕዝቡ ጉድጓዱ ዳር ተሰለፈ። አንዲት አሮጊት የመጀመሪያውን ጣሳ ለእኔ ሰጥተው «ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁኝ። ጠጣሁት። ሲመሽ ታደሰ «እንዴት አወቅህ?» አለኝ፤ «ገመትኩ» አልኩት።

መግደሌ አይደለም የሚያሳፍረኝ። ሴትየዋንና ጄሪካኗን አልረሳሁም፤ እሱም ወታደር ነበር፣ እኔም ወታደር ነበርኩ። የሚያሳፍረኝ በምን እንደገደልኩት ነው። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ ባስተማረችኝ ነገር ገደልኩት።

ባለፈው የገበያ ቀን ግን ታደሰን ወደ ሚኒባሱ ስሸኘው ከአፌ አመለጠኝ። «ታዴ፣ እኔ እኮ አልገመትኩም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ መራመዱን ሳያቆም። «ከጎንህ ተኝቼ አልነበር? በጣትህ ትቆጥር ነበር። አራተኛዋን ስታጥፍ ተኮስክ። አባትህ ሲሰግዱ በአጥሩ እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ ምን እንደምትቆጥር ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልህ? ሰው እንደሆነ መጠየቁን አይተውም፤ አንተ ደግሞ ሲጠይቁህ ፊትህ ይጠቁራል። ቀድሜ የምተርከው፣ አስቄ እንዳሳልፈው ነው፣ ሱሌ ኮ» አለኝ። ሊያባብለኝ ሲፈልግ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ የእኔ ሱሌ። እኔ ለፍላፊ እያልኩ ስታዘበው፣ እሱ ለካ ኀፍረቴን እኩል ተሸክሞልኝ ኖሯል።

ወደ ሶላቴ ከተመለስኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ዐስርም አያመልጠኝም። ሰጋጅ ሶላቱን የሚጨርሰው ፊቱን ወደ ቀኝ ከዚያም ወደ ግራ አዙሮ፣ በጎኑ ላለው ሁሉ ሰላም ብሎ ነው። ወደ ቀኝ ስዞር ሰላምታውን ደህና አድርጌ እላለሁ፤ ወደ ግራ ስዞር ግን ድምፄ ይቆረጣል። ያ ሰው ለሶላት ሲቆም እኔ በግራው በኩል ነበርኩ። ቢጨርሰው ኖሮ የመጨረሻዋን ሰላምታ የሚላት ወደ እኔ ዞሮ ነበር።