ወንድሜ ስለ ሞተሩ የተናገረው

ባሌ ሾፌር ነበር። ከሹፍርና በፊት መርጡለ ማርያም ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ነው፤ ሳይዘልቅበት ቢተወውም ምላሱ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ተራ ነገር ተናግሮ ዝም ሲል ሰው ወርቁን ፈልጎ ይስቅለታል፤ አንዳንዴም እሱ ያላሰበውን ወርቅ ያገኙለታል። የምንኖረው ቢቸና ነው። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሞጣ። ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ባሌንም ያገናኘኝ እሱ ነው። ጋራዡ ይመላለስ የነበረውን ሾፌር አንድ ቀን ምሳ ብሎ ይዞት መጣ፤ በዚያው የእኔ ሆኖ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱን አብረው ሆነው ያያቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች እነሱ ናቸው እንጂ እኔና ወንድሜ ነን አይልም።

ደርግ ወደ ማምሻው ነበር። የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ሥራቸውን ዘግተው ሲሄዱ አንዲት አሮጌ መኪና ትተው ሄዱ። ባሌ ከነሱ ጋር ሲሠራ የሚነዳው ትልልቁን መኪና ስለነበር ይህቺን የሚያውቃት በሩቁ ነው። ረጅም የቤት መኪና ናት፤ ኋላዋ እንደ አልጋ የሚዘረጋ፣ ስቴሽን ዋገን የሚሏት ዓይነት። በቤንዚን ነው የምትሠራው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፣ ያውም ትንሽ። ግን ቱርቦ ነበራት። በአገሩ ቱርቦ የሚባለው የናፍጣው የጭነት መኪና ላይ ነው እንጂ ትንሽ መኪና ላይ ያየ ሰው አልነበረም።

እኔ ቱርቦ ምን እንደሆነ ባሌን ጠይቄው ራት ላይ አስረዳኝ። «ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ አይሄድም» አለኝ፤ «አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል። መዘውሯ ደግሞ ነፋስ እየሳበች ሞተሩ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ስለዚህ ትንሹ ሞተር የትልቁን ያህል ይጎትታል።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ንጹሕ ዘይት እስካገኘች ጥሩ ናት። ዳገት ወጥተሽ ወዲያው ካጠፋሻት ግን ዘይቱ እላይዋ ላይ ይነድዳል። ትንሽ ቆማ መተንፈስ አለባት። ቅምጥል ናት።» ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «በጭስ የሚሮጥ ነገር መድረሻው አመድ ነው» አለ። እኔም ሳቅሁ። ይህችኑ አባባል በማግስቱ ጠላ ቤት ደገማት።

መኪናዋን የወደዳት የአውራጃው ካድሬ ነው። ወጣት ነበር፤ መልከ መልካም፣ ድምፁ ለስላሳ። ሰው ሲያስር እንኳ አይጮህም። ትራፊክ በሌለበት አገር መሪ ላይ መቀመጥ ያምረው ነበርና መኪናዋ ለእሱ ቢሮ እንድትሰጥ አደረገ። ከመረከቡ በፊት ግን ሞተሯ የሚያስተማምን መሆኑን የሚነግረው ባለሙያ ፈለገና ወንድሜን ከሞጣ አስጠራው።

ምርመራው የተደረገው ከቤታችን አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ለወንድሜ የሚጠጣ ይዤ ወጥቼ ስለነበር በዓይኔ አየሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ቀንድ አውጣ ከምትመስለው የቱርቦዋ ብረት ላይ አንድ የጎማ ቱቦ ነቀለ፤ ጣቱን ሰድዶ ውስጧን ወዘወዘ። ፊቱ ጠቆረ። ባሌን በዓይኑ ጠቀሰውና ቀስ ብሎ፣ «ይቺ ተበልታለች፤ የመዘውሯ ኩሽኔታ ላልቶ ይጫወታል። ዘይት ስትጠጣ ነው የከረመችው» አለው።

«ታዲያ ንገረዋ።»

«ዓይኑን አላየኸውም? ሙሽራ መስሎ ቆሞ የለም እንዴ!»

ካድሬው ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። «እህስ፣ ጓድ መካኒክ?»

ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እንደ አዲስ ናት ጓድ። ሞተሩ የሚያስተማምን ነው» አለ።

ባሌ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ሾፌርነቱን ለባሌ ሰጡት።

መኪናዋ ጥቂት ወራት ሮጠች። ካድሬው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መሪውን ይቀበለዋል፤ ነዳጁን ሲረግጥላት መጀመሪያ ታመነታና ድንገት ከኋላ እንደተገፋች ትወረወራለች፤ በዚህ እንደ ሕፃን ይስቃል። መድረሻው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወዲያው ያስጠፋታል። ባሌ «ጓድ፣ ጥቂት ትተንፍስ» ሲለው፣ «ለአብዮቱ የተሰጠ ቤንዚን ቆሞ አይነድም» ይለዋል። የሚገባላት ዘይት አልተገኘም፤ ባሌ ከጭነት መኪና የወጣ ጥቁር ዘይት በነጠላ እያጣራ ይሞላላት ነበር። ነጠላው የእኔ ነው። ጠዋት ስትነሣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር። ባሌ ነገሩን ለካድሬው ተናገረ፤ አንዴ ብቻ አይደለም። «መካኒኩ ደህና ናት ብሏል» ነበር መልሱ።

ሞጣ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ፤ ከበላይ የመጡ ሰዎች አሉበት። እናቴ ታማ ስለነበር ባሌ ለምኖልኝ፣ ካድሬው ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። ጠዋት ተነሣን። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደ ወይንን እስክንለቅ ደህና ነበርን። ካድሬው ረፍዶበታል፤ «ርገጥ!» ይላል፤ ባሌ ይረግጣል። አንድ ዳገት ላይ ከፊት ፉጨት ተሰማ። ፉጨቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና እንደ ጥርስ የሚፋጭ ድምፅ መጣ። ከዚያ ጭስ። መንገዱ ከኋላችን ጠፋ። ሞተሩ ሁለቴ ተናነቀና ጸጥ አለ።

ባሌ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። «አልቃለች ጓድ» አለ።

ካድሬው አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻገረና መሪውን ያዘ። «ግፋ» አለ።

«ዳገት ነው ጓድ። ጓዙን እንኳ እናውርድ።»

«ግፋ አልሁህ።»

ባሌ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ። መኪናዋ ትንሽ ትሄድና ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እሱ በጉልበቱ ይደግፋታል። ወርጄ አጠገቡ ገባሁ። ከሚያርሱበት የመጡ ገበሬዎች ሊያግዙን ሲጠጉ ካድሬው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ማንም አይንካት፤ የሰበረው ይግፋት» አላቸው። እዚያው ቆመው አዩን። ከእነሱ አንዱ ሽማግሌ፣ «ሴቲቱን እንኳ ተዋት ልጄ» ቢለው፣ ካድሬው ፈገግ ብሎ፣ «እኔ አላስገደድኳትም አባባ» አለው። እውነቱን ነው፤ አላስገደደኝም። መስታወቷ ውስጥ ዓይኑ ይታየኝ ነበር፤ ወደ መንገዱ አይመለከትም፤ እኛን ነው የሚያየው። የባሌ እግር ጠጠሩ ላይ ከድቶት ወደቀና የኋላው ጎማ ቁርጭምጭሚቱን ተጫነው። ያኔ ነው ካድሬው ፍሬን የያዘው።

አንድ የጭነት መኪና ደርሶ እየጎተተ ሞጣ አስገባን። ስብሰባው ተበትኖ ነበር። ካድሬው ከበላይ ሰዎች ምን እንደሰማ አላውቅም፤ ብቻ ሲመለስ ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ባሌን አሰሩት። መኪናዋን ወንድሜ ጋራዥ አስገቧት።

በማግስቱ እዚያው ሞጣ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ባሌን በአንድ እግሩ እያነከሰ አቀረቡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፌ ነበርሁ። ካድሬው ወንድሜን አስነሣው።

«ጓድ መካኒክ፣ ይህን ሞተር መርምረህ የሚያስተማምን ነው ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«ዛሬ ሞቷል። እንግዲህ ወይ አንተ ዋሽተኸኛል፣ ወይ እሱ ገድሎታል። የትኛው ነው?»

ወንድሜ ወደ መሬት አየ። ጫማውን አየሁት፤ ባሌ ለፋሲካ የገዛለት ነው። «እኔ ሳየው ደህና ነበር» አለ።

«ስለዚህ?»

«አሸዋ... ዘይቱ ውስጥ አሸዋ ሳይገባበት አልቀረም።»

«በራሱ ገባ?»

«በራሱ እንኳ አይገባም ጓድ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ባሌ ቀና ብሎ፣ «ወንድምዓለም፣ በጣትህ ወዝውዘሃት የለም ወይ?» አለው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ካድሬው አዞረ። እኔ «ሰምቻለሁ! ተበልታለች ሲል ሰምቻለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ካድሬው በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ሚስቱ ናት» አለ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ የጠላ ቤቱን ቃል ደገመ፤ በጭስ የሚሮጥ ነገር መድረሻው አመድ ነው ብሏል አለ። ስለ መኪና መሆኑን ማን ይስማ? ወርቁን ራሳቸው አበጁለት። ጭሱ አብዮቱ ሆነ።

ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ካድሬው አንድ ነገር አዘዘ። ወንድሜ ያቺን ቀንድ አውጣ ብረት ከሞተሩ ላይ በገዛ እጁ ፈትቶ እንዲያመጣት። ፈትቶ አመጣት፤ ጥቀርሻዋ እንዳለ ነበር። በሽቦ አሰሯትና ባሌ አንገት ላይ አንጠለጠሏት። የገበያ ቀን ነበር። ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም በር፣ በዚያ በተጨፈለቀ እግሩ እያዞሩት፣ «አሻጥረኛ ነኝ በል!» አሉት። አላለም። ባለማለቱ ዙሩን ደገሙት። ሽቦው አንገቱን በልቶት ደሙ ሸሚዙ ላይ ከጥቁሩ ዘይት ጋር ተቀላቀለ። ከዚህ በፊት ያስቃቸው የነበሩ ሰዎች ጤፋቸውን እየሰፈሩ ጀርባቸውን አዞሩ። አንዲት ሴት ብቻ ውኃ ልትሰጠው ቀረበች፤ ቅሏን ከእጇ መትተው ሰበሩባት።

ማታውን እናቴ ቤት ገባሁ። ከሕመሟ ተነሥታ ተቀምጣ ነበር፤ ወንድሜም ጥጉ ላይ አለ። ገና ምንም ሳልናገር እናቴ፣ «ተይው፤ ምን ያድርግ? እሱን ያስሩት ነበር» አለችኝ።

«ባሌን ሰጥቶ ነው የዳነው፣ እማ።»

«ባል ይገኛል ልጄ። የእናት ልጅ ግን ከየት ይመጣል?»

ወንድሜ ያን ጊዜ አለቀሰ። እናቴ ተነሥታ ራሱን እቅፏ ውስጥ አስገባችው። እኔን አልጠራችኝም። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁና ከእስር ቤቱ አጥር ሥር ከሌሎቹ ሴቶች ጋር አደርሁ።

ባሌን ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት ወሰዱት። ስንቅ አቀብላለሁ፤ አንዳንዴ ያስገቡልኛል፣ አንዳንዴ ፊቴ ላይ ለውሻ ይደፉታል። ካድሬው ሌላ መኪና ተሰጠው፤ ቆይቶም ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወረ። ወንድሜ ሥራው ደራለት፤ የመንግሥት መኪኖች ሁሉ ወደ እሱ ጋራዥ ይመጡ ጀመር። እናቴ በሰው እየላከች ቅቤና ማር ትሰድልኝ ነበር። ከወንድሜ ኪስ የተገዛ መሆኑን ስለማውቅ እንደመጣ እመልሰው ነበር።

የደርግ ወታደሮች ጎጃምን ለቀው ሲሸሹ እስረኞቹ በሩን ሰብረው ወጡ። ባሌ በአንድ ምርኩዝ ቢቸና ደረሰ። ቤት ሲገባ አላወቅሁትም፤ ለማኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥህ» ልለው ነበር። ያ ምላሱ ጠፍቷል። ሰው ሲያናግረው የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ከአፉ አይወጣም። አንዳንድ የድሮ ወዳጆቹ መጥተው ሊያጫውቱት ሲሞክሩ፣ «እኔ ያልሁትን ነው ያልሁት» ይላቸዋል። መሪም ዳግመኛ አልጨበጠም።

ዓመት ሳይሞላ ወንድሜ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የነፍስ አባታችን አሉበት። ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። ባሌ ተቀምጦ እንዳለ፣ «አንድ ነገር ብቻ ይበል» አላቸው። «በዚያችው ገበያ ቆሞ፣ በጣቱ ወዝውዞ ያገኘውን ይናገር። ያኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሄድን። ሞጣ ገበያ መሐል ሽማግሌዎቹ ሰው አስቆሙ። ወንድሜ በደረቀ ድምፅ፣ ሞተሩ ቀድሞውኑ ተበልቶ እንደነበር፣ እሱም እያወቀ ደህና ነው እንዳለ፣ አሸዋ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ተናገረ። የከበቡን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«የምኗ መኪና ናት?» አለ አንዱ።

«እንጃ። የሚሸጥ መኪና አለ እያሉ ይሆናል» አለ ሌላው።

የፍየል ነጋዴዎች መንገድ ልቀቁልን እያሉ ሲገፉን ተበተንን። ባሌ የወንድሜን ትከሻ ሳመ። ቃሉን ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አንድም ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም። እኔን ይቅር በይ ያለኝ ብዙ ነው፣ ራሱን ባሌን ጨምሮ። አላልሁም።

እናቴ ስትሞት ድንኳን የተጣለው በወንድሜ ግቢ ነው። ባሌ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር። ሰው ሊበላ ሲል ወንድሜ እንደ ባለቤት ማስታጠቢያ ይዞ በየተራ እያስታጠበ ወደ እኔ ደረሰ። ሸብቷል። ጎንበስ ብሎ፣ «እጅሽን፣ እህቴ» አለኝ።

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ። እሱ ውኃው ከማንቆርቆሪያው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጎንበስ እንዳለ ጠበቀኝ። ከዚያ አጠገቤ ወዳለችው ሴት ዞረ።