አክስቴ «ልጄ ነው» ያሉት እኩል አራሽ

ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልወለዱት አክስቴ የሚኖሩት ወሎ ውስጥ፣ ከግራና ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ማሳቸውን ለአንድ ጎረቤት በእኩል ሰጡት፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። በደርግ ጊዜ መሬት ለሌላ ሰው መስጠት በአዋጅ የተከለከለ ስለነበር የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር «ልጄ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አሉት። አራሹም «እማ» ይላቸው ጀመር። ሚስቱ ውኃ ትቀዳላቸዋለች፣ እራታቸውን ታመጣላቸዋለች።

እኔ ወልድያ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ያ «እማ» የሚለው ነገር ከመጀመሪያው አልጣመኝም። ሰው ሲያይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

አንድ መስከረም አክስቴን ወባ ጣላቸው። ሰውየው በቃሬዛ አሸክሞ መርሳ ከተማ አደረሳቸው፤ ከዚያም በጭነት መኪና ወልድያ ሆስፒታል ድረስ ይዟቸው መጣ። ሲሻላቸው እኔው ጋ እንዲቀሩ ለመንኳቸው።

«እዚህ ምን ይጎድልብዎታል? እኔ እጦርዎት የለ?»

«አንቺማ ሥጋዬ ነሽ። ግን ቤቴ ጭስ ካልታየበት የማኅበሩ ሰዎች ሄደዋል ብለው መሬቱን ለሌላ ይሰጡታል። መሬቱን ካጣሁ ደግሞ ማን ዞር ብሎ ያየኛል?»

ቤቱን ልይላቸው ብዬ ቅዳሜ ወረድኩ። ከሩቅ ጭስ ይታየኛል። ስገባ ሰውየው የአክስቴ መደብ ላይ ጋደም ብሏል፤ ሞፈርና ቀንበሩን ጥግ ላይ አስደግፎታል።

«ገና ሳይሞቱ ወረስካቸው?» አልኩት።

ደንግጦ ተነሳ። «ኧረ ወላሂ! እሳቱ እንዳይጠፋ፣ እዚያው እደር ያሉኝ እማ ናቸው። ይጠይቋቸው።»

ወልድያ ተመልሼ ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አሉኝ።

«ያምኑታል እንዴ?»

«ምን ብዬ አምነዋለሁ? ብቻ መሬቱን ብነሳው እሱ ይጎዳል፤ እሱ ቢተወኝ እኔ እወድቃለሁ።»

ኅዳር ላይ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማሽላው ሲወቃ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሰውየው ሰፍሮ ሲጨርስ እጃቸውን ጆንያቸው ውስጥ ከተው ፍሬውን ዳበሱ።

«ያንተንም ወዲህ በለው» አሉት።

ሳቀና ጆንያውን ጎትቶ አቀረበላቸው። የእሱንም እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ፈተሹት። «ደህና፣ እሰረው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ እዚያው ቤታቸው አረፉ። ሰውየውና ሚስቱ እስከ መጨረሻው አጥበዋቸዋል፣ አጉርሰዋቸዋል፤ ይህን መንደሩ ሁሉ መስክሯል። ማኅበሩም መሬቱን «ለልጃቸው» አጸደቀለት። ቀብራቸው ላይ ከእኔ ይልቅ እሱ አለቀሰ። እኔ ግን ዓይኔን ከፊቱ ላይ መንቀል አልቻልኩም።