በእርሳስ የተሞላው ፎርም

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲወርድ፣ የእህቴ የሂሩት ልጅ ሶልያና ሰንጋ ተራ ያለው ኮንዶሚኒየሜ ድረስ መጣች። ጃኬቷ ውስጥ የሸጎጠቻቸውን ሁለት ጥብስ በቆሎዎች አውጥታ አንዱን ሰጠችኝና ስልኳን ፊቴ ዘረጋችው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ መጥቷል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫ አሁን በስልክ ነው የሚሞላው፤ ወረቀት ቀርቷል።

«እማዬ ሳትልኪው በፊት አጎትሽ ይየው ብላኝ ነው» አለች።

«እናትሽ ራሷ ናት እንደዚህ ያለችው?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም» አልኩና መነጽሬን ፍለጋ ተነሳሁ። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ፊደል አላውቅም። አባታችን ሁለት ልጅ ማስተማር አልቻለምና እኔን ወደ ሥራ፣ ሂሩትን ወደ ትምህርት ቤት ላከ። ደግ አደረገ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። እናታችን ቀድማው ሞታ ስለነበር፣ እሱ ሲሞት ቤቱም ልጅቷም እኔ ላይ ወደቁ። እንግዲህ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው የተማሪ አሳዳጊ ሆነ ማለት ነው።

ሳታነብ እንዴት ጎማ ትሠራ ነበር ይሉኛል። ጎማ ልኩ ጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ እኔ ግን በስንዝር ነበር የምሠራው። መጀመሪያ የመኪናውን ቸርኬ፣ ብረቱን ማለቴ ነው፣ በእጄ እለካለሁ፤ ከዚያ የሚሆነውን ጎማ ከክምሩ ውስጥ እመዛለሁ። የአሥራ አምስት ጎማ አሥራ አራት ቸርኬ ላይ አልገጥምም። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ከእትዬ ዘነበች ጋር አንድ ግቢ ነበር። እትዬ ዘነበች ሁለት የፈረንጅ ላሞች ነበሯቸው፤ ወተት ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በረት ትገባለች። ቤታችን በእሷ ምክንያት እበት እበት ይሸት ነበር። አንድ ቅዳሜ አንደኛዋ ላም ምጥ ጠናባት፤ ጥጃው ተጣሞ ነበር። የመጣው የከብት ሐኪም እጁ ግንድ ያክላል፤ አልገባለት አለ። ሂሩትን እጇን በሳሙና አሳጥቦ፣ «ወደ ግራ፣ ቀስ፣ አሁን እግሩን ያዢ» እያለ እስከ ክርኗ አስገባት። ጥጃው ወጣ። ሐኪሙ «ይቺ ልጅ እጅ አላት» አለ። እኔ በረቱ በር ላይ ቆሜ በቆሎ እየበላሁ አይ ነበር። የእሷ ፊት እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ነሐሴ ላይ ውጤቷ መጣ፤ ጥሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ፎርም አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አሳዳጊ እዚህ ጋ ይፈርማል። ነገ ነው የሚመለሰው። አሁን በእርሳስ ነው የሞላሁት፣ ጠዋት በእስክርቢቶ እደግመዋለሁ» አለችና ወደ በረቷ ሄደች።

ወረቀቱን አገላበጥኩት። «ምን ይላል፣ አንብቢልኝ» ማለት ነበር፣ በቃ። አላልኩም። የቤቱ አባወራ ነኝ፤ ልጅ እንዴት ታንብብልኝ? ፎርሙን በፌስታል ጠቅልዬ በዝናቡ ወደ ጋሽ ይልማ ሄድኩ።

ጋሽ ይልማ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፓስቲ በሚጠበስበት ሻይ ቤት በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። ማመልከቻ ሲሆን እሳቸው፣ የተማሪ ፎርም ሲሆን እሳቸው። በእሳቸው እጅ ያለፈ ልጅ ሁሉ የሚገባው አንድ ቦታ ነው፦ አካውንቲንግ። በሬዲዮ ጥገና የተካነ ልጅ ነበረን፣ አካውንቲንግ። ቁጥር ሲያይ የሚያልበው ነበረ፣ እሱም አካውንቲንግ።

«አንደኛ ምርጫ፣ የእንስሳት ሕክምና» ብለው አነበቡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ልጅቷ አሟታል እንዴ?»

«ላም ትወዳለች» አልኩ።

«ላም የሚወድ ክትፎ ይብላ!»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ሁለተኛው እርሻ፣ ሦስተኛው ደን። ጉድ እኮ ነው! ስማ፣ አባትህ እበት ሸሽቶ ነው አዲስ አበባ የገባው። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ አንተ ወደ እበት ልትመልሳት? ሴት ልጅ ናት፤ ደረቅ ቢሮ ትቀመጥ።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ።

ላጲሳቸውን አውጥተው የሂሩትን ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች አጠፉት። ፍርፋሪውን እፍ ሲሉት የሰው ፓስቲ ላይ አረፈ። በቦታው በሰማያዊ እስክርቢቶ ጻፉበት፤ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። በማግስቱ ማለዳ፣ እሷ በረት ሳለች፣ ላግዛት ብዬ ራሴ ወስጄ ትምህርት ቤቱ አስረከብኩት። በእስክርቢቶ ተደግሞ ገብቷል ስላት አመነችኝ።

ፊደል አለማወቄን ሰበብ አላደርግም። ሰውዬው ጮክ ብለው አንብበውልኛል። ሰምቻለሁ።

መስከረም ላይ ምደባው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሂሩት ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

«አካውንቲንግ ደርሶኛል» አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እኔ አልሞላሁትም እኮ ጋሼ። በእስክርቢቶ የተጻፈ አይቀየርም አሉኝ።»

«ጋሽ ይልማ አስተካክለውት ነው።»

«ጋሽ ይልማ እኔን የት ያውቁኛል? አንተ ግን አይተሃል። ጥጃው ሲወጣ እዚያው ቆመህ በቆሎ ስትበላ ነበር።»

አልጮኸችም። ያን ቀን ግን በረት አልገባችም። ሻንጣዋን አዘጋጅታ እስክትሄድ ድረስም አልገባችም፤ እትዬ ዘነበች «ምን አስቀይሜያት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ተምራ ተመረቀች። ዛሬ ባምቢስ አካባቢ ያለ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ናት። ሰው «ጎማ እየለጠፈ አካውንታንት አወጣ» ብሎ ያመሰግነኛል፤ አላርመውም። እሷም አንስታብኝ አታውቅም። በዓል ሲመጣ ግን በግ ስንገዛ፣ በቢሮ ጫማዋ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ የበጉን ከንፈር ትገልጣለች፣ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይሄ ሳንባው ልክ አይደለም፣ ተወው» ትላለች። ነጋዴዎቹ ይጠሏታል።

እሷ በሄደች በዓመቱ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር ሀ ሁ አልኩ። ቁጥር ሲገባኝ ሄጄ የጎማዎቹን ጎን አነበብኩ። ስንዝሬ ልክ ነበር። ለማላውቀው ሰው መኪና ቸርኬውን ሳልለካ ጎማ ገጥሜ አላውቅም፤ ለእህቴ ግን ለሁሉም የሚገጠመውን ሲገጥሙላት አጠገብ ቆሜ ስቄያለሁ።

መነጽሬን አድርጌ የሶልያናን ምርጫ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንደኛው ጂኦሎጂ ይላል። ድንጋይ ለመቁጠር ነው እንዴ፣ የሚል ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ይሄን ምኑን አይተሽ ነው?»

መንገድ ለመሥራት ተራራ ሲቆረጥ ስላየችው ነገር ማውራት ጀመረች፤ አንዱ ንብብር ቀይ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ። እጇ አየር ላይ ንብብሩን ይደረድራል። የእናቷ እጅ ነው። ሂሩት ይቺን ልጅ የላከችብኝ ይቅር ብላኝ ይሁን ልትቀጣኝ፣ አላውቅም፤ አልጠይቃትም። የጀመርኩትን በቆሎ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩና እስክትጨርስ ሰማኋት።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ለእማዬ ምን አለ ልበላት?»

«አንብቦታል በያት።»