የአባዬ እጅ ያልደረሰባት ተቀጽላ

ባለፈው ሮቤ ከተማ ከሚኒባስ ስወርድ ቀይ አበባ ረገጥኩ። ቀና ብል የመንገድ ዳሩን ዛፍ ተቀጽላ ወርሮታል። ባለቤቱ ዛፍ ደርቋል፣ እንግዳው ለምልሞ ያብባል። ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ አንዲት ዘለላ ቀጥፌ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኳት፤ ጎባ ያለችው እናቴ ናት የታየችኝ።

በደርግ ጊዜ ጎባ፣ በራችን ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረን። እናቴ ከደሎ ቆላ ተድራ ስትመጣ የጎባ ብርድ አንዘፍዝፏት ነበር አሉ። ሆዷን ያባበለላት ነገር ቢኖር ወይራው ላይ የበቀለው ተቀጽላ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ ቀያይ አበቦቹን ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ጥቃቅን ወፎች መጥተው ይመጧቸዋል። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች በመስኮት ስታያቸው ገንፎው ያርራል። አባዬ ያረረውን እየበላ፣ "ዛሬም ወፎቹ መጥተው ነበር ማለት ነው" ይላል።

አንድ እሁድ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ተቀጽላን በዝባዥ አሉት፤ የሌላውን ላብ እየመጠጠ የሚያብብ። በሳምንት ውስጥ ያላጸዳ ሰው ዛፉ ከነሥሩ ይቆረጥበታል ተባለ። አጨበጨብን፤ ያኔ የማይጨበጨብለት ነገር ነበር እንዴ? እናቴ የዚያን ቀን እራት አልበላችም። "ይቆረጥ እንግዲህ፣ ወይራው ከሚሄድ" አለች ፊቷን አዙራ።

በማግስቱ አባዬ ከባለሱቁ ጎረቤታችን ከሐጂው መሰላል ተውሶ ወጣ። መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ደጃችን ላይ ቀይ አበባ ይረግፋል፣ የእርጥብ ወይራ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። እናቴ ብቅ አላለችም። አባዬ ሲወርድ ግን በመስኮቷ ትይዩ አንዲት ዘለላ ቀርታለች።

ሊቀመንበሩ ሊያዩ መጡ።

"ያቺስ ጓድ?"

"እጄ አልደረሰም" አለ አባዬ።

ይገርማችኋል፣ አባዬ የሰፈራችን ረጅሙ ሰው ነበር፤ በር በገባ ቁጥር ጉበኑ ግንባሩን ይመታዋል። ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እኔ ፈርቼ ቀሚሴን አኝካለሁ። ይሄኔ ሐጂው ከሱቃቸው ደጃፍ፣ "አቦ፣ መሰላሉ የኔ ነው፤ አጭር ነው" አሉ። ሊቀመንበሩ በመስኮቱ የምታየዋን እናቴን አዩ፣ መሰላሉን አዩ፣ ሳቃቸውን ውጠው ሄዱ።

በማግስቱ ገንፎው አረረ።

ያቺ ዘለላ ውላ አድራ ተባዝታ ወይራውን ጨረሰችው። የደረቀውን ግንድ ስናነሳ አባዬ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። እስካሁን በዚያ በር ስገባ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ላይ ይሄዳል።

እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። የሮቤዋን አበባ መዳፏ ላይ ሳኖርላት በጣቷ ዳበሰቻት፤ ምን እንደሆነች ሳልነግራት አወቀች።

"ከየት አመጣሻት?"

"ከሮቤ፣ ከመንገድ ዳር ዛፍ።"

"እጅሽ ደረሰ?"

"አዎ እማዬ፣ ዝቅ ያለ ነበር።"

"የሱ አልደረሰም" አለች። ፈገግ ብላ አበባዋን ጉንጯ ላይ አደረገቻት።