ካውያዋን ይዛ ኮረብታ ሥር የገባች ሴት

ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሿ» ነበር የሚላት። ልብስ ተኳሽ ናት እንጂ ጠመንጃ በእጇ ነክታ አታውቅም። ባሏ ደግሞ የታክሲ ሹፌር ነው። «ተኳሽና ሹፌር አንድ ቤት ከገቡ የቀረው ዘመቻ ብቻ ነው» እያሉ ጎረቤቶች ሲቀልዱባቸው፣ ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች።

የምትሠራው መሐል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ላውንድሪ ውስጥ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት የመንገደኛ እግር ብቻ ይታያል። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ከሚያልፉት ጫማዎች ነበር። ቀኑን ሙሉ የካውያው እንፋሎት ፊቷን ሲለበልባት ይውልና፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ስትወጣ በየፎቁ እየቆመች ታርፋለች። ቤት ውስጥ ደግሞ አማቷ፣ ሁሉም ሰው እማማ የሚላቸው፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይጠብቋታል። እማማ ደረጃውን ፈርተው ከቤት መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

ተኳሿ ልጅ ሳለች ሯጭ ነበረች። አስተማሪዎቿ «ይቺ ልጅ እግሯ መሬት ይነካል ወይ?» ይሉ ነበር። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ሥራ መጣ፤ ሩጫውም አውቶቡስ ለመያዝ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሴት ልጇን ከዳረች በኋላ ደግሞ የምትሮጥለት ነገር ራሱ ጠፋባት።

አንድ ቀን አሠሪዋ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ላከቻት። እዚያ ያለ የእንግዳ ማረፊያ መጋረጃዎቹን አሳጥቦ ነበርና፣ ተኩሳና ሰቅላ እንድትመለስ ነው። ሥራዋን ጨርሳ የሚመልሳትን መኪና ደጅ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በትር ይዘው፣ እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየች። ከፊት የምትመራው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ ድምጿ ከሩቅ ይሰማል።

«እህቴ፣ ቁጭ ብለሽ ከምትደርቂ ከእኛ ጋር ኮረብታው ላይ ውጪ!»

«ጫማዬ እኮ የሥራ ነው።»

«ኮረብታው ጫማ አያማርጥም። ተነሺ!»

ለምን እንደተነሳች እሷም አታውቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ልቧ በአፏ ሊወጣ ደረሰ፤ ግን አልቆመችም። አናቱ ላይ ሲደርሱ ወዲያ ሐይቁ ተዘርግቷል፤ ሰዎች ጀልባ ይቀዝፋሉ፤ በሐይቁ ዳር ዳር ብስክሌተኞች ይሽከረከራሉ። ነፋሱ መጣና ላቧን ከአንገቷ ላይ ጠረገላት። ካውያ ያላመጣው ላብ! ከስንት ዘመኗ? እንባዋ መጣ፤ አዋላጇም አይታ እንዳላየች ዞር አለችላት።

ማታ ባሏን እንዲህ አለችው፤

«ቤት እንቀይር። እዚያ ኮረብታው ሥር።»

«ሄደን ምን ልንሠራ?»

«ልንራመድ።»

ባሏ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሰው ለመራመድ ቤት ይቀይራል? መራመድ ካማረሽ ደረጃው ምን አደረገሽ?»

እማማም ከወዲያኛው ክፍል ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሉ።

ተኳሿ አልተጨቃጨቀችም። በየዕረፍት ቀኗ በአውቶቡስ እየሄደች ኮረብታውን ወጥታ፣ ሥሩም የሚከራይ ቤት አፈላልጋ ትመለሳለች፤ አንድ ቀንም የሚሆናቸውን አገኘች። አንድ እሑድ ግን ባሏን ለምና፣ እማማን በስንት መከራ ከፎቅ አስወርዳ፣ ሁለቱንም በታክሲው ወሰደቻቸው። እማማን ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እዚያ የተቀመጡ ሌላ አሮጊት ስለ ጉልበት ሕመም ወሬ ጀመሩ። ከዚያ ስለ ምራት ሆነ፤ ከዚያ ስለ መንግሥት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጃቸው «እማዬ፣ እንሂድ» ቢላቸው እማማ የሰሙም አይመስሉም።

«አንቺ» አሉ ድንገት ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ያ የምትይው ቤት ደረጃ አለው?»

«የለውም እማማ። በሩ ከመሬት እኩል ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጎልቺኛለሽ?»

ባልየው እጁን ዘርግቶ ቀረ። «እናቴንም አስከዳሻት!»

እንዲህ ሆኖ ቤቱ ተቀየረ። ተኳሿ የእንግዳ ማረፊያውን ኃላፊ አነጋግራ፣ አንሶላውንና መጋረጃውን እቤቷ እየተኮሰች ልታስረክብ ተስማማች። የካውያ ጠረጴዛዋን በመስኮቱ ፊት ለፊት ተከለችው። መጀመሪያ ሰሞን ቀና ብላ ውጭውን ስታይ እየዘነጋች፣ ጨርቁን ከማሳረር ስንት ጊዜ ለጥቂት ተረፈች።

ባሏ ግን ሊለምድ አልቻለም። «ጸጥታው እንቅልፍ ነሳኝ» ይላል። ደንበኛ ለማግኘት በየጠዋቱ ከተማ ድረስ ይነዳል፤ አምሽቶ ይመለሳል፤ ኮረብታውን ቀና ብሎም አያይም። ዳቦ ቤቱ ከበራፋቸው ቆመው ቢጣሩ ይሰማል፤ እሱ ግን መኪና አስነስቶ ነው የሚሄደው። ቦርጩም መሪውን መግፋት ጀምሯል።

ዝናብ ካባራ በኋላ በአንድ ጠዋት፣ ተኳሿ ከሴቶቹ ጋር ስትወርድ ጭቃው አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። አዋላጇ፣ ከተማ ሊሄድ ገና መኪናውን እያሞቀ ለነበረው ባልየው ደወለችለት። «ሚስትህ ወድቃለች» የሚለውን ብቻ ሰምቶ፣ የቀረውን ሳያዳምጥ፣ በነጠላ ጫማ ወደ ኮረብታው ሮጠ።

ሩጫው ግን ተጀመረ እንጂ አልተጨረሰም። ገና ግማሽ ሳይደርስ ትንፋሹ አጠረ፤ ዓይኑ ጭልም አለበት፤ አንድ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፋ እያነከሰች የምትወርደው ሚስቱ እዚያው አገኘችው። ላቡ ይንቆረቆራል።

«ልታድነኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አለ በስንት ጭንቅ።

«ታዲያ ተነሥና አድነኛ!»

አዋላጇ የእጁን አንጓ ይዛ የልቡን ምት ቆጠረች፤ ደህና መሆኑን ስታውቅ በጀርባው ቆማ ወገቡን ያዘችው። «ትንፋሽ ሳብ! ቀስ ብለህ አውጣ። ጎበዝ። አሁን ተነሥ፣ ግፋ!»

«ምነው እትዬ፣ ልወልድ ነው እንዴ?»

«በዚህ ቦርጭ ማን ያውቃል!»

ሳቁ ቁልቁል ተንከባለለ። ባልና ሚስቱ ተደጋግፈው፣ እሷ እያነከሰች እሱ እያለከለከ፣ ሴቶቹ ፊትና ኋላ አጅበዋቸው ወረዱ። ማን ማንን እንዳዳነ የሚናገር ጠፋ።

እግሯ እስኪሽርላት ድረስ ካውያውን የጨበጠው ባሏ ነበር። እሷ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ «ወደ ራስህ አትጎትተው፤ ጠርዙን አስቀድም» እያለች ታዝዘዋለች፤ እሱ ይታዘዛል። ከዚያ በፊት የሚስቱን ሥራ ቆሞ አይቶት አያውቅም ነበር። የመጀመሪያውን አንሶላ ያለ አንዳች መጨማደድ ሲጨርስ፣ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ አሳያት። በዚያ ዕለት ወገቡን እያሸ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ምድር ቤት ውስጥ እንዴት ቻልሽው?» አላት። ካገባት ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ዳቦ በእግሩ መግዛት ጀመረ። ለማንም አልተናገረም፤ ግን ከእማማ ዓይን ማን ያመልጣል? በራፍ ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው ወሬውን ለምራታቸው ያቀብላሉ። «ልጄ ዛሬ ዳቦ ቤቱን አልፎ ከወዲያ ያለው ድልድይ ድረስ ሄደ። ዝም በይው፣ ካወቅሽበት ይተወዋል።» እሷም አፏን ዘጋች። ቀስ በቀስ ሐይቁን ዞረ፤ ቀስ በቀስ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ፈለገ።

እግሯ ጠንቶ ዳግም ኮረብታውን በወጣችበት ቀን፣ ባሏ አዲስ ስኒከር አድርጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። መንገድ ላይ ደጋግሞ ቆመ፤ እሷም የጫማዋን ክር የምታስር እየመሰለች አብራው ቆመች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ተቀበላቸው። ባልየው ሐይቁን አየ፤ ጀልባዎቹን አየ። ከዚያ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ ከኋላ በኩል በጭጋግ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየውን ሌላ ኮረብታ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተመለከተው።

«ያኛውስ? መንገድ አለው?»

«ጫካውን አቋርጦ የሚወጣ አለ ይላሉ። አልሄድኩበትም።»

«ከዚያ ወዲያስ ምን አለ?»

«እኔ እንጃ።»

ከያዘው የውሃ ጠርሙስ ጠጣና ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘጋው። «ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠን?» አላትና፣ ቀድሟት መሄድ ጀመረ።