«ንጹህ ነው» ያለችው መሬት

ቻዮ ሲጋራ የጀመረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ልጇ ኤሌያሳር ከጎሚስታ ቤቱ በር ላይ በታጠቁ ሰዎች ተጭኖ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን። ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አንድ ሰጠቻት፣ ያቺን አጨሰች፣ በቃ። እዚህ ሶኖራ በረሃ ዳር ልጅ የጠፋባትን እናት ምን መቼ እንደጀመረች ጠይቋት፤ ቀኑን ከነሰዓቱ ትነግራችኋለች።

ልጆቻቸውን የሚፈልግላቸው ስለሌለ እናቶቹ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች አካፋና ውሃ ይዘው በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ይወጣሉ። መሬቱ የተነካካ የመሰላቸው ቦታ ላይ ረጅም ብረት በመዶሻ መትተው ያስገቡና፣ መዝዘው ጫፉን ያሸታሉ። ከሸተተ ይቆፈራል። ካልሸተተ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይቀመጥበትና ይታለፋል። ድንጋይ ያለበትን ደግሞ የሚነካ የለም፤ በረሃው መቼ አልቆ።

ማሽተት የሁሉም ሥራ አይደለም። አፍንጫ ያላት ቻዮ ነበረች። የሞተ ውሻና የሞተ ሰው ለይታ ትናገራለች፣ ተሳስታም አታውቅ። በእሷ አፍንጫ ዘጠኝ እናቶች ልጆቻቸውን አግኝተው ቀብረዋል። የራሷን ልጅ ግን የበላው ጅብ አልጮኸም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፤ ስልኳን በእጇ እንደያዘች በለስላሳና በሲጋራ ትውላለች። ስኳሯ ሰማይ ወጣ፣ ግፊቷም ተከተለው፣ የእግሯ ቁስል አልድን አለ። ጠጅ ቤት የዋለች ይመስል ክሊኒክ በሄደች ቁጥር ይቆጧታል። አዲሷ ሐኪም ግን አልተቆጣቻትም።

«ወይዘሮ ቻዮ፣ ስንፍና አይደለም» አለቻት። «ሰውነትዎ ሁለት ዓመት ሙሉ አደጋ መጣ እያለ ቆሟል። ስኳሩንም ግፊቱንም የሚያባብሰው እሱ ነው። እንዲህ የቆመ ሰው ደግሞ ስለ ነገ ማሰብ አይሆንለትም፤ አሁን የሚያስተነፍሰውን ነው የሚይዘው።»

«እንግዲያው ልጄን አምጪልኝና ሲጋራውን አቆማለሁ።»

ሐኪሟ ሽታ ይሸትዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቻዮ እንዴታ አለች፤ ዋሸች። ከሳምንት በፊት ባቄላ ጥዳ ከሰል እስኪሆን አልሸተታትም ነበር፤ የነገራት ጎረቤት ነው። ሐኪሟ ሲጋራ አፍንጫን እንደሚገድል፣ ለጥቂት ወራት ከተተወ ግን ሊመለስ እንደሚችል ነገረቻት። እግርሽ ይቆረጣል ሲሏት ያልደነገጠችው ሴት ያን ቀን ደነገጠች። ያለ አፍንጫ ኤሌያሳርን በምን ታገኘዋለች?

ፓኮውን ሽንት ቤት ጣለችው። የኤሌያሳር የክርስትና እናት ኦቲሊያ፣ አፏን እንድታስይዝበት የዱባ ፍሬ ቆልታ አመጣችላት። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ የማታውቀው ወንድ «ልጅሽን የበሉት ውሾች ወፍረውልሻል» ብሎ ሳቀና ዘጋው። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ሱቁ በር ላይ ቆማ ስታጨስ ነው። ክብሪቱን ማን እንደሰጣት እንኳ አታውቅም። ደግማ ሞከረች፣ ሦስተኛም ሞከረች። አንዴ ስልክ፣ አንዴ ሬሳ ተገኘ የሚል ወሬ፣ ሁሌ አንድ ነገር ይመጣል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትችሉት ነበር? እኔ እንጃ።

ለሴቶቹ ግን ምንም አልተናገረችም። አፍንጫዬ ሞቷል ብትል እቤት ዋይ ይሏታል፤ እቤት የዋለች ቀን ደግሞ እንደምታብድ ታውቀዋለች።

በመጋቢት፣ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ አንድ እሾሃማ ዛፍ ሥር ኦቲሊያ ብረቱን መታች፣ መዘዘች፣ ለቻዮ ሰጠቻት። ቻዮ አሸተተች። ምንም። ደግማ አሸተተች፤ የብረት ሽታ እንኳ የለውም።

«እኔም ላሽተው?» አለች ኦቲሊያ።

ያን ጊዜ ብትሰጣት ምን ነበረበት! «ይሄን ያህል አረጀሁብሽ?» ብላ ብረቱን በቀሚሷ ጠረገችው። «ንጹህ ነው።» ድንጋዩንም በገዛ እጇ አስቀመጠች።

ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ ሌላ ሌላ ቦታ ስትፈልግ ከረመች፤ ሁለት የእግር ጣቶቿም ተቆረጡ። በጥቅምት ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ ጎርፉ የቆሻሻ መጣያውን ጀርባ ሸረሸረው። ቆርቆሮ ለቃሚዎች ያዩትን ለኦቲሊያ ነገሯት፣ ኦቲሊያ ሄዳ አየች፣ ከዚያ ወደ ቻዮ ደወለች። ነይ ብቻ አለቻት።

ቻዮ እያነከሰች ደረሰች። የኤሌያሳርን የሥራ ቱታ ከሩቅ ለየችው፤ ጀርባው ላይ የጎሚስታ ቤቱ ስም ተጽፎበታል፣ የጻፈችውም እሷ ነበረች። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተንከባሎ ወድቋል። ድንጋዩን አየች፣ እሾሃማውን ዛፍ አየች።

ሴቶቹ ሁሉ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ዓይናቸው ያነባል። አንዷ ዞር ብላ ታስመልሳለች። ፊቷን ሳትሸፍን የቆመችው ቻዮ ብቻ ናት። ኦቲሊያ የራሷን ሻርፕ ፈትታ ዘረጋችላት።

«ያዢ እህቴ፣ ሽታው አይቻልም።»

«የቱ ሽታ?» አለች ቻዮ።

ኦቲሊያ ሻርፑን እንደዘረጋች ቀረች። ቻዮ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ከጉድጓዱ ጥግ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ደግማ አስጠጋችው።