«ራን» የኦቦ ዩያ ነው

ልጅ ሳለሁ ሂርና ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃሉ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ መምህር፣ ሌላው ጎረቤታችን ኦቦ ዩያ። መምህሩ ዲፕሎማ ነበረው። ኦቦ ዩያ ስማቸውን እንኳ መጻፍ አይችሉም ነበር። መምህሩን አንቱ ያላልኩት ረስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ዛሬ ራሴ ጭሮ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ነገሩን ባስታወስኩ ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል።

ኦቦ ዩያ በወጣትነታቸው መንገድ ከሚሠሩ ፈረንጆች ጋር ዓመታት ከርመዋል። ሲገቡ ውሃ አመላላሽ ነበሩ፤ ጆሯቸው ፈጣን ስለነበረ ውሎ አድሮ በፈረንጆቹና በሠራተኛው መሀል የሚያስተረጉሙት እሳቸው ሆኑ። እኔ ሳውቃቸው አርጅተው፣ ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ነበር የሚውሉት። መሸት ሲል ገረባ የምንለውን፣ ከጫት የተረፈውን ደረቅ እንጨት ሰብስበው እሳት ያያይዛሉ፣ ኩራዟን መስኮቱ ላይ ያኖራሉ፣ እኛ የሰፈር ልጆች ደግሞ እሳቸው መግሪብ ሰግደው እስኪወጡ ጭሱ እያስነጠሰን ዙሪያውን ተቀምጠን እንጠብቃለን። እናቴ ጸሎት የማታጓድል ጴንጤ ነበረች፤ ያኔ ግን የማን ልጅ በማን ደጅ ተረት ሰማ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ተረታቸው እንደማንኛውም ሰው ተረት የጅብና የአህያ፣ የጦጣና የዝንጀሮ ነበር። ልዩነቱ በየተረቱ አንድ የፈረንጅ ቃል መሰንቀራቸው ነው፤ ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ደግሞ «ራን»ን ነበር። ጅቡ አህያዋን ሊበላ ሲሮጥ «ራን» ይሉናል። በሌላ ምሽት ባሏ የሞተባት ዝንጀሮ ልጆቿን ይዛ ሱቅ ትከፍታለች፣ ጦጣዎቹ ያለ ወንድ አይሆንላትም እያሉ ሲያሟት ሱቁን ቀጥ አድርጋ ታስተዳድራለች፤ እሱም «ራን» ነው። ወንዙ ቁልቁል ሲፈስ፣ ያኮረፈው ሞተር በስንት ልመና ሲነሳ፣ የሕፃኑ ንፍጥ ሲወርድ፣ መንገዱ ከሂርና ተነስቶ ተራራውን እየዞረ አሰበ ተፈሪ ሲገባ፣ ሁሉም «ራን»። «ፈረንጅ ሰነፍ ነው» ይሉን ነበር እየሳቁ፣ «አንዷን ቃል ስንት ሥራ ያሠራታል!»

እኔ በደብተሬ የመጨረሻ ገጾች ላይ እያንዳንዱን የ«ራን» ተረት ከነትርጉሙ እጽፍ ነበር። አሥራ አራት ደርሰውልኝ ነበር። ደብተሬ የጫት እንጨት ጭስ ይሸት ስለነበር አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ትይዝብኛለች።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ራን ማለት ሮጠ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ማስተዳደርም ይሆናል።»

«ማን አለሽ?»

«ኦቦ ዩያ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ኦቦ ዩያን ያውቃቸዋል። የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ እሱንም ገበያ ላይ ሰው ፊት «አንተ» ብለውት ቂም ይዟል። «አማርኛ ላይ አንቱ ማለት ያቃተው ሽማግሌ ነው እንግሊዝኛ የሚያስተምርሽ?» አለና መዳፌን አዘርግቶ በማስመሪያ መታኝ። ስንት ጊዜ እንደመታኝ አላስታውስም፣ የልጆቹን ሳቅ ግን አስታውሳለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቢሮ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገበ ቃላት ተከፍቶ ነበር፣ እኔም አሻግሬ የተከፈተው ገጽ የ«ራን» እንደሆነ አየሁ። ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ተሳስቻለሁ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ያለኝ «ደብተርሽን አምጪ» ብቻ ነው። አሥራ አራቱንም ትርጉሞች በራሱ ወረቀት ላይ ገለበጠ፤ ጅቡንም፣ ዝንጀሮዋንም፣ ያኮረፈውንም ሞተር እየዘለለ። «ይሄን ተረታ ተረት ተዪውና ትርጉሙን ብቻ በቃልሽ ያዢ» አለኝ። አሰበ ተፈሪ በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ትምህርት ቤታችንን የምወክለው እኔ ነበርኩ።

በሩጫ ሄጄ ለኦቦ ዩያ ነገርኳቸው። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ ነው፤ «እኔም እመጣለሁ። የኔ ቃል በማይክ ሲወጣ መስማት አለብኝ።» መምጣታቸውም አልቀረ። ለኢድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው መጡና አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

መድረክ ላይ አንድም ሳልሳሳት አሥራ አራቱንም ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዳኞቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ማይኩን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ «ጎበዝ! ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

መምህሩ ፊት ለፊቴ አንደኛው ረድፍ ላይ ነበር፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። መዳፌ የተመታ ያህል ጋለ። ከኋላ ኦቦ ዩያ ከወንበራቸው ብድግ ለማለት ሲሰናዱ፣ ኮታቸውን ሲያስተካክሉ አየኋቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ቆመው እጅ ሊነሱ ነበር።

«ቲቸር ናቸው» አልኩ።

መምህሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጎንበስ አለ። ለእሱ የምስጋና ወረቀት፣ ለእኔ መዝገበ ቃላት ተሰጠን። ኦቦ ዩያ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ አጨበጨቡ። ሌላው ሰው ካቆመ በኋላም ትንሽ ቀጠሉ፤ እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ያ ጭብጨባ ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ እስካሁን በረሳሁት።

በማግሥቱ እንደ ልማዳችን እሳቱ ዙሪያ ተሰበሰብን። አንዱ ልጅ የባልቴቷን ዝንጀሮ ተረት ጠየቀ። ኦቦ ዩያ ፍሙን በጫት እንጨት ጫር ጫር አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ኢንተላ ኮ፣ እሱ የቲቸርህ ነው አይደል? እሱን ጠይቀው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ጅብ ተረኩልን፣ ስለ ቀበሮም ተረኩልን፤ «ራን»ን ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልሰማናትም። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ኮሌጅ ሳለሁ አረፉ። መምህሩን በነገሩ ሁሉ እወቅሰዋለሁ፣ ወደፊትም እወቅሰዋለሁ፤ የሰው ዕውቀት ሰርቆ የቆመ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ አፉን የከፈተው ግን እሱ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጄ ስልኬን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መራራ መድኃኒት እንደምትውጥ ፊቷን አኮማትራ ታጠናለች። «ራን፦ ሮጠ፣ አስተዳደረ፣ ፈሰሰ፣ ተነሳ…» መምህሯ በቴሌግራም የላከላቸው ዝርዝር ነው። ጅብ የለበት፣ ዝንጀሮ የለበት፣ የሰው ድምፅ የለበት። ያኔ መምህሩ ወረቀቱ ላይ የገለበጠውን ያየሁ መሰለኝ፤ ተናድጄ ስልኩን ቀማኋት። እሷም ደነገጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሱቅ ስለከፈተችው ባልቴት ዝንጀሮ፣ ስላኮረፈው ሞተር፣ አንድ በአንድ ተረኩላት። እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«ኦቦ ዩያ» አልኳት።

ሁለት ቃል ናት። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀችብኝም። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥም ከዚህ በላይ አትፈጅም ነበር።